የሸነን ገንፎ

ዙሌካ የአቦን ቁልቁለት ስትወርድ ሩጫዋ ሩጫ እንዳይመስልባት እየተጠነቀቀች ነበር። በዚያ ሰሞን ሮጦ የታየ ሰው የሚጠየቀው ከተመታ በኋላ ነው። ፎጣዋን ደረቷ ላይ አጣፍታ፣ አንድ እጇን መቀነቷ ላይ እንዳደረገች፣ ወገቧን እንዳመማት ሴት ጎንበስ ብላ ትገሰግሳለች። በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችው ነጭ አዝሙድ በተራመደች ቁጥር ሆዷን ይነካታል።

ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ አሰሳ ታውጆ ከተማው ቤት ለቤት ይበረበራል። ከመጋቢቱ አሰሳ የተረፈ ሁሉ «እፎይ» ብሎ ሳይጨርስ ይሄኛው መጣበት። ሬዲዮው ማርሽ ይመታል፣ ማርሹ ሲያበቃ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ማርሽ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የዙሌካም የቅመም መደብ ጆንያ ተከናንቦ ከተቀመጠ ሰንብቷል፤ ዛሬ ግን ሐሳቧ መደቡ ጋ አልነበረም።

ድልድዩ ላይ አብዮት ጠባቂዎች አስቆሟት። ከመካከላቸው ዲንሳን አወቀችው። ከአብዮቱ በፊት ድንጋይ ፈላጭ የነበረ የሰፈር ሰው ነው፤ አሁን አሮጌ ምንሽር አንግቶ «ጓድ» ሆኗል። አጠገቡ ከከፍተኛው የመጣ አንድ ካኪ ለባሽ ቆሟል።

«ወዴት ነው፣ እትዬ ዙሌካ? ይለፍ አለሽ?» አላት ዲንሳ።

«አራስ ጥየቃ ነው። ለአራስ ጥየቃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ይለፍ?»

«የማን አራስ?»

«የገዲሴ ምራት፣ ቡዜ። ዛሬ ሸነኗ ነው።»

ካኪ ለባሹ መቀነቷን አስፈትቶ ቋጠሮውን በጣቱ ጎረጎረው። «ይሄ ምንድነው?»

«አዝሙድ። ነጩ።»

«ምን ያደርጋል?»

የዙሌካ ምላስ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። «ጌታው፣ ሽሮ በልተህ የምታውቅ ከሆነ በልተኸዋል» አለችው። «በርበሬ ውስጥ አለ፤ ቅቤ ሲነጠር ይገባል፤ ዳቦ ላይ ይነሰነሳል፤ ሆድ ሲነፋ ይታኘካል። አራስማ ያለሱ አትጎርስም። እሷ ስትበላው በወተቷ ሄዶ የልጁን ሆድ ያረጋጋዋል። አንተም ጠብተኸዋል፤ ረስተኸው ነው።»

ዲንሳ ሳቁን ለመዋጥ ወደ ወንዙ ዞረ። ካኪ ለባሹ ቋጠሮውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሳበው፤ እንደ ጦስኝ ሰነፈጠውና አስነጠሰው። «እለፊ» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። ከአዝሙዱ ጥቂቱ ድልድዩ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ዙሌካ አንድ በአንድ ለቅማ ታነሳው ነበር።

ከድልድዩ ማዶ ዞር እንዳለች መቀነቷን አጥብቃ አሰረች። አፏ ደፋር ነው እንጂ ልቧ እንደ ማንም ልብ ይፈራል። በገዲሴ ቤት ውስጥ፣ ከአራሷ መደብ ጀርባ ባለው የጭቃ ጎታ ውስጥ፣ ሰው አለ። ሰውየው ነገሪ ነው፤ የገዲሴ ልጅ፣ የቡዜ ባል። በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ የነበረ፣ ዛሬ «አናርኪስት» ተብሎ የሚታደን ሰው ነው። መጋቢት ላይ ፉሪ ከአጎቱ ከቀጄላ ዘንድ ተሸሽጎ ተርፏል። እዚያው ቢቀመጥ ማን አየህ ይለው ነበር? የበኩር ልጅህ ተወለደ የሚል ወሬ ሲደርሰው ግን የጭድ ሸክም ተሸክሞ፣ በገጠር ሰው ጋቢ ተጀቡኖ መጣ። ልጁን አቅፎ አንድ ቀን ሳይሞላ አሰሳው ከኋላው መንገዱን ዘጋው። ጅል ነው የሚል ይኖራል። ዙሌካም ብላዋለች፣ ግን እያለቀሰች ነው ያለችው።

አንድ ነገር ብቻ ጠብቆታል፤ የአራስ ቤት መሆኑ። ወንድ አራስ ያለችበት ጓዳ ዘው አይልም፤ ጠመንጃ የያዘም ቢሆን ያፍራል። ካኪ የለበሱት ሳይቀሩ እስከ መጋረጃው ይመጡና ያቆማሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውን ሴት ታየዋለች። አሰሳው ይህችን ቤት ዛሬ አይቶ ካለፈ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቀጄላ አህዮቹን ነድቶ መጥቶ ነገሪን በጓሮ ወደ ፉሪ ይወስደዋል። የሚጠበቀው ይሄ ብቻ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሸነን ነው፤ በገዲሴ ወገን ሴት በወለደች በአምስተኛው ቀን ገንፎ ይገነፋል፣ ሴቶች ተሰብስበው ከአራሷ ጋር ይቀምሳሉ። ሸነን ያለ ገንፎ ካለፈ ጎረቤት «ምን ሆነው ነው?» ይላል። ለዚህ ቤት ደግሞ ከጥያቄ የከፋ ጠላት የለውም።

ዙሌካን ያስቸኮላት ግን ልጁ ነበር። ትናንት በምሽት ገዲሴ በአጥር ላይ፣ በጎረቤት አፍ፣ ልካባት ነበር፦ «ልጁ ሆዱን ነፍቶት ሲጮህ ይውላል፤ አዝሙዱ አልቆብናል።» ሰዓት እላፊው አስሮ አሳደራት። ሲነጋ ያላትን ሁሉ አበጠረች፣ ለቀመች፣ በምጣድ አሟሟቀች፣ በሙቀጫ ሰበር ሰበር አድርጋ ቋጠረችና ወጣች።

ገዲሴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ጠይም፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ሰላምታም ሳትሰጣት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳው አስገባቻት።

ቡዜ መደቡ ላይ ጀርባዋን ለጎታው ሰጥታ ተቀምጣለች። ልጁን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። በጎታው ክዳን ላይ አንድ ማጭድ ተቀምጧል፤ አራስን ክፉ ነገር እንዳይቀርባት የሚቀመጠው ብረት ነው። ዙሌካ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል አፏን ስትከፍት የቡዜን ዓይን አየች። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን ማንንም አያይም። ቀረብ ብላ የልጁን ግንባር በእጇ ጀርባ ነካችው። የማለዳ ድንጋይ ይመስል ቀዝቅዟል።

ገዲሴ መልሳ ጎትታ ማድ ቤት ወሰደቻት። እዚያ ነው በሹክሹክታ የነገረቻት።

«ንጋት ላይ ነው። ሲጮህ፣ ሲጮህ አድሮ ዝም አለ። ተኛ ብለን ተመስገን አልን። ቡዜ ናት ያወቀችው። ድምፅ አላወጣችም፤ አንዲት ቃል አላወጣችም፣ ዙሌካዬ። ያ ዋቃ! ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

«ነገሪስ?»

«አያውቅም። ጎታው ውስጥ ሆኖ ይሰማል እንጂ አያይ። ካወቀ ይወጣል። እኔ ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ለዚህ ልጅ ብሎ ነው የመጣው፣ ሞተ ስንለው ተቀምጦ ይሰማናል?» በነጠላዋ ጫፍ አፏን አፈነች። «ካለቀስንም ጎረቤት ይሰማል። ጎረቤት ከሰማ ወንዱ ይገባል፣ አስከሬን ላንሳ ይላል። የአራስ ቤት መሆኑ ያኔ ያበቃል። እስኪያልፉ ድረስ ልጁ ተኝቷል። አንቺም እንደዚያው በይ።»

ዙሌካ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ገዲሴ ዓይኗን ጠርጋ ድስቷን ጣደች፤ የገብስ ዱቄቷን በፈላው ውሃ ላይ እያፈሰሰች በእንጨቱ ታማስል ጀመር። ክንዷ ያለ ሐሳብ ይሠራል። እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፣ እሷ አታየውም። ሸነን ነውና ገንፎ ይገነፋል።

ዙሌካ ወደ ቡዜ ተመለሰች። አጠገቧ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ስትዳስስ ከጎታው ግርጌ ጭረት ሰማች። እህል የሚወርድበት ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጨርቁ ትንሽ ተገፋና ድምፅ መጣ።

«እትዬ ዙሌካ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔ ጌታ። ዝም በል።»

«ልጁ ዛሬ ዝም አለሳ? ከንጋት ጀምሮ አልሰማሁትም። ደህና ነው?»

የቡዜ እጅ ጨርቁን ጭምድድ አደረገው። ዙሌካ ስለ አዝሙዷ በሕይወቷ ብዙ ተመጻድቃለች፣ ብዙ ምላለች፤ ዋሽታበት ግን አታውቅም።

«አዝሙዱ ነዋ!» አለች ወደ ቀዳዳው አጎንብሳ። «ይዤላት መጣሁ፣ በላች፣ ጠባ። ነፋሱ ወጣለትና እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው።»

ከጎታው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሰይ። አላህ ይስጥሽ፣ እትዬ ዙሌካ» አላት፤ ነገሪ ክርስቲያን ነው፣ እሷን ሲመርቅ ግን በእሷው ነው። «ሲጮህ እኔን ነበር የሚወጋኝ። ቡዜ ትተኛ በያት፤ እሷም አልተኛችም። ሲነቃ ደግሞ ወደ ቀዳዳው አስጠጉልኝ፤ አናቱን ላሽትተው።»

«እሺ» አለች ዙሌካ። ጨርቁን መልሳ ወተፈችው።

ቡዜ አየቻት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ምስጋናም ጥላቻም ነበረበት፤ ዙሌካ ሁለቱም ይገባኛል አለች በልቧ። በቡዜ ቀሚስ ደረት ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ቀስ ብለው ይሰፋሉ። ሞት ለጡት አይነገረውም። ወተቱ መጥቶ ነበር።

ገዲሴ ገንፎውን በገበቴ ይዛ ገባች። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ የቀለጠ ቅቤ አፍስሳበታለች። ከቡዜ ፊት አስቀምጣ ከዳር አንድ ጊዜ ጫረችው፤ የተበላ እንዲመስል ነው። ያኔ ውሻው ጮኸ። ከግቢው በር የቦቲ ጫማ ኮቴ መጣ።

ጠባቂዎቹ ጓሮውን አዳረሱ። የጭዱን ክምር በብረት ዘንግ ወጉት፤ የውጪውን ጎተራ ገለበጡት፤ የማድ ቤቱን አመድ ሳይቀር በተኑት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡና መጋረጃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ዲንሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ሸዋረገድ፣ ይሄ የአንቺ ነው።»

መጋረጃው ተገልጦ ሸዋረገድ ገባች። የቀበሌው የሴቶች ተጠሪ ናት፤ ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ፣ አረንጓዴ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ የደፋች፣ ፊሽካ በአንገቷ ያንጠለጠለች። ሰፈሩ ይፈራታል። አፏን ከፈተች ማለት አንድ ሰው ታሰረ ማለት ነው ይላሉ። ዙሌካ ግን ኮፍያውን ሳትደፋ ታውቃታለች። ሸዋረገድ ከአብዮቱ በፊት በአንድ ፊታውራሪ ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ምላሷ የታወቀ ነው፤ ከሰባት ድስት መካከል ጨው የጎደለበትን በአንድ ቅምሻ የምትለይ። «ዙሌካ ያልለቀመችው አዝሙድ እኔ ማጀት አይገባም» እያለች ገረዶቿን ሁሉ እሷ ጋ ትልክ ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች ሸዋረገድ ለቡዜ። ከዚያ ወዲያው የተጠሪ ድምጿን አወጣች። «ወንዱ አይግባ ብንልም እኔ ማየት አለብኝ። ቅር እንዳይልሽ።»

የመደቡን ስር በእግሯ ዳበሰች። የተንጠለጠለውን ልብስ ገለጠች። ጎታው ጋ ስትደርስ ገላውን በጣቷ አንኳኳች።

«ምን አለበት?»

«የዘር ገብስ» አለች ገዲሴ።

ሸዋረገድ እጇን ወደ ክዳኑ አነሳች። በየስብሰባው ስለ ጎጂ ልማድ የምታስተምር ሴት ናት፤ የአራስ ማጭድን በስሙ ጠርታ ያወገዘች። ጣቷ ማጭዱ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ማጭዱን አየችው፣ ቡዜን አየቻት፣ እጇን መለሰች። ልማድ በኮፍያ አይለቅም። ዙሌካ በሆዷ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«ንጹሕ ነው!» አለች ሸዋረገድ በመጋረጃው በኩል። «ሂዱ፣ ወደሚቀጥለው!»

ኮቴው ወደ ውጪ ሄደ። የግቢው በር ሲንጓጓ ተሰማ። ገዲሴ የጎታውን ጎን በመዳፏ ተደገፈች። አልፏል። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ የቀረው ዝም ማለት ብቻ ነበር።

ሸዋረገድ ግን አልወጣችም። ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ፊቷ ድንገት የድሮ ፊቷን መሰለ።

«ይሄ ልጅ ትናንት እስከ መንገድ ድረስ ሲጮህ ሰምቼው ነበር። ዛሬ ምን ዝም አሰኘው?»

ገዲሴ አቀረቀረች። መልስ መስጠት የነበረባት ዙሌካ ናት፤ መልሱም የተዘጋጀ ነበር። ጎታው ውስጥ ያለው ደግሞ ይሰማል። ሌላ ቃል ልትናገር አትችልም።

«የኔ አዝሙድ ነዋ» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ከጠዋት ጀምሮ ገንፎዋ ላይ አብዝተንበት በላች። ጠባ፣ ተኛ።»

«የዙሌካ አዝሙድ!» ሸዋረገድ ከንፈሯን መጠጠች። «ከፊታውራሪ ቤት ከወጣሁ ወዲህ የቀበሌው ሱቅ የሚሸጠው አሸዋና ገለባ ነው። እስቲ ልቅመስላት፤ ሸነንም አይደል?» ቁጭ ብላ ማንኪያውን አነሳች። ገንፎውን ከዳር ቆረሰች፣ ቅቤው ውስጥ ነከረች፣ ጎረሰች።

ዙሌካ ያን ጊዜ ነው ሆዷ ላይ አንድ ነገር የተሰማት። ቋጠሮው ነው። ድልድዩ ላይ ፈትታ መልሳ የቋጠረችው አዝሙድ፣ እዚያው መቀነቷ ላይ፣ እንዳለ ነበር። ለማንም አልሰጠችውም። ማንም አልጠየቃትም።

የሸዋረገድ አፍ ማላመጡን አቆመ። ምላሷን በላንቃዋ ላይ አዞረችው፤ ፈልጋ ያጣች ሴት ትመስላለች። እንደገና ቆርሳ ቀመሰች። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አዝሙድ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «አብሽም የለው። ቅቤው ለጋ ነው፤ ምንም አልነካውም።» ገዲሴን አየቻት። «ገዲሴ፣ አንቺ ገንፎ የማታውቂ ሴት አይደለሽም። እንዲህ ያለውን የምትሠሪው ጡቷ እንዲደርቅላት ነው።»

ገዲሴ ገበቴውን አየችው። ክንዷ ያለ ሐሳብ ሠርቶ ነበር፤ ልጅ ለሞተባት አራስ ወተት የሚያወርድ ነገር አይሰጣትም፤ በመከራዋ ላይ የጡት ሕመም አይጨመርባትም። እናቷም ለእሷ ያደረገችላት ይህንኑ ነው። ማንም ሳያዛት፣ ሳታስበው፣ አዘነችላት።

ሸዋረገድ ወደ ቡዜ ዞረች። የጠቀለለችውን ጨርቅ አየች፤ በቀሚሷ ላይ የሰፋውን እርጥበት አየች። እጇን ዘርግታ የልጁን ፊት ገለጠች።

ዙሌካ የምትጠብቀው ፊሽካውን ነበር። በሸዋረገድ ፊት ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮፍያዋን ከራሷ ላይ መንጭቃ መሬት ጣለችው።

«አንቺ ልጅ!» አለች፤ ድምጿ ከሆዷ መጣ። «የማን ገረድ ነሽና ነው እንባሽን የምትውጪው?»

«በአላህ!» ዙሌካ ዘላ ክንዷን ያዘቻት። «ሸዋረገድ፣ እህቴ፣ ዝም በይ፣ ዝም…»

«አልልም! ዝም ብያለሁ እኔ! በፊታውራሪ ቤት ሰርግ ነው ተብዬ፣ ልጄ በሞተ ዕለት ከማጀት ጀርባ በጨርቅ ሸፍኜው ወጥ ሠርቻለሁ። እንባሽ ድስት ውስጥ እንዳይገባ አሉኝ፣ እመቤቲቱ። ሰርጉ እስኪያልፍ ዋጥኩት። ዛሬም ድረስ እዚህ ጋ አለ!» ደረቷን በጡጫዋ መታች። «አሰሳውን ፈርታችሁ ነው? ፊታውራሪ የለም! አብዮቱ ልቅሶ አልከለከለም! አልቅሺ፣ ልጄ! ሞቶብሻል፣ አልቅሺ!»

ዙሌካ አፏን በመዳፏ ልትይዛት ሞከረች። ሸዋረገድ ገፍትራ ጣለቻት። ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና፣ ዓመታት ሙሉ የዋጠችውን እሪታ ለዚያች ሴት ብላ ለቀቀችው።

«ወየው! ወየው ልጄን! ወየው የኔ እምቦቃቅላ!»

ከውጪ የኮቴ ድምፅ ቆመ፣ ተመለሰም። እሪታ ሲሰማ መጋረጃ የለም። ዲንሳ ለሐዘን ቆቡን አውልቆ፣ ምንሽሩን ወደ ጀርባው አዙሮ ነው የገባው። ካኪ ለባሹ ተከተለው። አስከሬን ሊያነሱ ነበር የመጡት።

ማጭዱ ከጎታው ክዳን ላይ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ክዳኑ ተነሳ። ነገሪ ከውስጥ ወጣ፤ ፀጉሩ፣ ፂሙ፣ ትከሻው ሁሉ ገለባ ለብሷል። እጁን አላነሳም። ወደ ጠመንጃዎቹም አልተመለከተም። በጉልበቱ መደቡ ላይ ወጥቶ እጆቹን ወደ ቡዜ ዘረጋ።

«ልጄን» አለ። «አሳዩኝ።»

ቡዜ ልጁን ሰጠችው። ከንጋት ጀምሮ ከእጇ ያላወጣችውን ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ ባዶ እጇን ስታይ ነው ድምፅ ያወጣችው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ዙሌካ ከዚያ በፊት አልሰማችም፤ ዕድሜዋን ሁሉ ደግማ ልትሰማው አትፈልግም።

ካኪ ለባሹ ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሽጉጡን አወጣ። «እጅህን ጀርባህ ላይ!»

«ትንሽ ይቆይ!» ሸዋረገድ በመካከላቸው ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አባት ነው። ልጁን ይቅበር። ጓድ፣ እኔ ተጠሪ ነኝ፣ እኔ አዛለሁ፤ ይቅበረው፣ ከዚያ…»

«አንቺ የምታዢው ሴት ነው» አላት። «ዲንሳ፣ እሰረው።»

ዲንሳ ዓይኑን ሰብሮ ገመዱን አወጣ። ነገሪ የልጁን አናት አሸተተ፤ ረጅም ጊዜ አሸተተ። ከዚያ ለገዲሴ አቀበላት። ሲታሰር ዙሌካን ተመለከታት።

«እትዬ ዙሌካ» አላት። «አዝሙዱ አስተኛው አልሽኝ እኮ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። አፏ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ የሚደርሰው ዙሌካ የምትለው አጣች፣ ወሰዱትም። በድልድዩ በኩል፣ ምንሽር ከፊትና ከኋላው ሆኖ፣ በእግሩ ወደ አቦ አቀበት አወጡት። ገዲሴ ልጁን ታቅፋ እስከ አጥሩ ተከተለቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላሳለፏትም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቀጄላ አህዮቹን ነድቶ ደረሰ። ጭዱን ሳያራግፍ ነገሩን ሰማ። አካፋ ጠይቆ ከጓሮ ኮሶው ስር ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ልጁ ክርስትና አልተነሳም፣ አቦ ቅጥር ግቢ አይገባም።

ሸዋረገድ አልሄደችም ነበር። ኮፍያዋ መደቡ ስር እንደ ወደቀ ነው። በገበቴ ለብ ያለ ውሃ ቀድታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ያችን ትንሽ ገላ ታጥባለች። ማንም ሂጂ አላላትም፣ ማንም ተቀመጪ አላላትም። ገዲሴ እሳቱ አጠገብ ተኮራምታ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ ጡቷ ይድረቅላት ብዬ» እያለች ለራሷ ታወራለች። ቡዜ ፊቷን ወደ ባዶው ጎታ አዙራ ተኝታለች፤ በየመሐሉ ደረቷን ይዛ ታቃስታለች።

ዙሌካ መቀነቷን ፈታች። ቋጠሮውን በመዳፏ ላይ ዘረገፈችው፤ የተለቀመ፣ የታመሰ፣ አንዲት ጠጠር የሌለበት አዝሙድ። ወደ ቤቷ ይዛው መመለስ አልቻለችም። ፍሙ ላይ በተነችው። ተንጣጣና ጭሱ ወጣ፤ ሽታው ማድ ቤቱን አልፎ፣ መጋረጃውን አልፎ ጓዳውን ሞላው። ያ ቤት በቀትር መሽተት የነበረበት ይህንን ነበር።

ሸዋረገድ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ቀና አለች። ጭሱን ሳበችው። ምላሷ ያጣውን አፍንጫዋ አገኘው፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

«ዙሌካ» አለች፣ «ምነው ቀድመሽ ገንፎው ላይ በጨመርሽው!»